ስኳር ሲመጣ ብቻ የሚታወስ ሱቅ



በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ገበያ የሚጀምረው ሳይነጋ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ ከአይሱዙ እየወረደ፣ የሻሸመኔ ድንች በጋሪ ወደየጉሊቱ ይጓዛል፤ ከአለታ ጩኮ በኩል አናናስ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ይከተላል። ባለጉሊቷ ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ትደረድራለች። ሚዛን የላትም፤ ዓይኗ ነው ሚዛኗ። ገዢዋ ከፍላ ካበቃች በኋላም አትሄድም፤ ቆማ "ምርቃቱስ?" ትላለች። ሻጯ ታጉረመርማለች፣ "ዛሬ ቲማቲም እሳት ሆኗል" ትላለች፤ ቢሆንም አንዲት ፍሬ ጣል ታደርጋለች። ያቺ ፍሬ በየትኛውም የንግድ ሕግ ውስጥ አልተጻፈችም። ያለ እርሷ ግን ነገ ደንበኛ የለም።

ከጉሊቱ ፈንጠር ብሎ የሰፈር ሱቅ አለ። ግድግዳው ላይ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ ጠርዙ ያለቀ የዱቤ ደብተር ተቀምጧል። ባለሱቁ ማን ደመወዝ በስንት ቀኑ እንደሚቀበል፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን ቤት ሊለቅ እንዳሰበ ያውቃል፤ ማወቅም አለበት፤ አለዚያ ይከስራል። የኢትዮጵያ ችርቻሮ እሴት የሚባል ነገር ካለ፣ የሚገኘው በዚያ ወረቀትና በዚያ ደብተር መካከል ነው።

የዛሬው ዲስኩር ርዕስ ግን ጉሊትም ኪዮስክም አይደለም። በአንድ ስምና በአንድ ደንብ በብዙ ቦታ የሚከፈት፣ ብዙ ሕዝብ የዕለት አስቤዛውን የሚሸምትበት የመደብር ሰንሰለት ነው። ይህ ሲባል አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ዓይን ላይ ሸዋ ሱፐርማርኬት ወይም የሚድሮኩ ኩዊንስ ይመጣ ይሆናል፤ መብራቱ፣ ጋሪው፣ ቅዝቃዜው። በኢትዮጵያ ከተሞች ከተዘረጉት ሰንሰለቶች ሁሉ ሰፊው ግን አርማ አልነበረውም፤ ማስታወቂያም አስነግሮ አያውቅም። ሽማግሌዎች የቀበሌ ሱቅ ይሉታል። የዛሬ ስሙ የሸማቾች ነው። የዚህ ዲስኩር አቅራቢ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቀርቧል፦ የሱቅን ጠባይ ማወቅ የፈለገ፣ ማን እንደከፈተውና በምን ምክንያት እንደከፈተው ይጠይቅ።

ጥያቄው ወደ እንግሊዝ አገር ይወስዳል፤ ወደ ሸማኔዎች ከተማ።

ሮችዴል ከማንችስተር ብዙ የማትርቅ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የእጅ ሸማኔው ኑሮ በማሽን እየተገፋ፣ የፋብሪካው ሠራተኛም በቀጭን ደመወዝ እየማቀቀ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ በየቦታው የፋብሪካ ጌቶች የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው ለሠራተኛው የከፈሉትን በዚያው ሱቅ መልሰው ይሰበስቡ ነበር። ሌላው ባለሱቅ ደግሞ በዱቤ አስሮ የፈለገውን ዓይነት ዕቃ ይሸጥለታል። ዕቃውም ዕቃ አልነበረም። ዳቦው እንዲነጣ አልም የተባለ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ዱቄቱ ውስጥ ኖራ፣ ሻይ ቅጠሉ ውስጥ የሌላ ዛፍ ቅጠል ይገኛል። ሐዋሳ ውስጥ ቤት የምታስተዳድር ሴት ይህን ስትሰማ የምትደነቅ አይመስልም። በበርበሬ የተቀላቀለ ሸክላ፣ በቅቤ የተሸፈነ ሙዝ፣ በጤፍ ዱቄት የተደባለቀ ጀሶ በአገራችን ስንት ጊዜ ተይዟል! ክፉ ሥራ ፓስፖርት አያስፈልገውም።

ሃያ ስምንት ሰዎች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ሸማኔዎች ነበሩ፤ ጫማ ሠሪና አናጢም ነበረባቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ፓውንድ ዕጣ ተመደበበት። ያን ጊዜ አንድ ፓውንድ በአንድ ጊዜ ከኪሱ የሚያወጣ ሸማኔ ስላልነበረ በየሳምንቱ ሳንቲም ሳንቲም እያሉ አዋጡ፤ እንደ እቁብ በሉት፣ ዕጣው ግን አይወጣም፣ ሱቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1844 ማታ ቶድ ሌን በተባለ መንገድ ላይ በተከራዩት ምድር ቤት መስኮቱን ከፈቱ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ከውጭ ቆመው ሳቁባቸው።

የሚገርመው ሱቁ መከፈቱ አይደለም። ድሆች አዋጥተው ሱቅ ሲከፍቱ ያኔ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ ቀደም ብለው ከተከፈቱት ብዙዎቹ ወድቀዋል። የሚገርመው ደንቡ ነው። ዕቃው ንጹሕ፣ ሚዛኑ ሙሉ ይሁን አሉ። አንድ ሰው ምንም ያህል ቢያዋጣ ድምፁ አንድ ብቻ ይሁን አሉ። ሴቶችም አባል እንዲሆኑ በሩን ክፍት አደረጉ፤ የእንግሊዝ ሴት ለፓርላማ ድምፅ መስጠት የጀመረችው ከዚያ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑን ልብ ይሏል። ዱቤንም ከለከሉ። ይህኛው ደንብ በመናኸሪያ ተሞክሮ ቢሆን ሱቁ ስንት ወር ይቆም እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ እነርሱ ግን ዱቤን የተቃወሙት በጭካኔ ሳይሆን ዱቤ ምን እንደሚያደርግ በራሳቸው ላይ ስላዩት ነው። ባለዕዳ ሸማች የተበላሸ ዱቄት ሲሰጡት አፉን ሞልቶ "ቀይሩልኝ" አይልም።

ከሁሉ የላቀው ግን የትርፍ ክፍፍላቸው ነበር። ሱቁ እንደማንኛውም ሱቅ በገበያ ዋጋ ይሸጣል። ዓመቱ ወይም ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ ወጪ ተቀንሶ፣ ለመጠባበቂያ ተይዞ፣ ለዕጣውም መጠነኛ ወለድ ታስቦ የተረፈው ትርፍ ለአባላቱ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም በዕጣቸው ብዛት ሳይሆን በሸመቱት መጠን ነው። ወደ እኛ ብር ብናመጣው፣ በዓመት የ10,000 ብር ዕቃ የገዛች እናት አንድ እጅ ብታገኝ፣ የ30,000 ብር የገዛች ጎረቤቷ ሦስት እጅ ታገኛለች። በዚህ ስሌት ከሌላ ቦታ መግዛት ከራስ ኪስ ማውጣት ሆነ። አባሉ ሱቁን የሚወደው በመፈክር ስለተነገረው ሳይሆን በደብተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስላየ ነው። ያቺ ምድር ቤት ዛሬ ሙዚየም ናት። ከእርሷ የተወለደው ሐሳብ ግን በእንግሊዝ ከታላላቆቹ የምግብ መደብር ሰንሰለቶች አንዱ ሆኖ ዛሬም ይሸጣል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መርሆም ከዚያ ደንብ የተቀዳ ነው፤ የኢትዮጵያም ሕግ ጭምር።

ሌላው ምሳሌ ከስዊዘርላንድ ነው፤ ይህኛው በአንድ ነጋዴ የተጀመረ ነው። ጎትሊብ ዱትቫይለር እ.ኤ.አ. በ1925 በዙሪክ ከተማ አምስት ፎርድ መኪኖችን ተንቀሳቃሽ ሱቅ አደረጋቸው። የጫኑት ስድስት ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው፤ ቡና፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ የኮኮናት ቅባትና ሳሙና። ሚግሮስ የሚለው የድርጅቱ ስም በጅምላና በችርቻሮ መካከል ያለ ዋጋ ማለት ነው፤ የእኛን "አለ በጅምላ" ለሚያውቅ ጆሮ ስሙ እንግዳ አይደለም። በመሃል የሚገባውን ደላላና አከፋፋይ ዘሎ በቀጥታ ወደ እመቤቶቹ ደጃፍ በመሄዱ ነጋዴው ሁሉ ተነሳበት። አምራቾች ዕቃ ሲከለክሉት የራሱን ማምረቻዎች ያዘ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ጠላቶቹም አልጠበቁትም፦ እ.ኤ.አ. በ1941 ድርጅቱን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበርነት ለውጦ ለደንበኞቹ ሰጠ።

ዱትቫይለር በሱቁ መጠጥና ትምባሆ እንዲሸጥ አልፈቀደም ነበር። ሚግሮስ ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 "መጠጥ እንሽጥ ወይስ አንሽጥ?" የሚል ጥያቄ ለአባላቱ በድምፅ ቀረበ። መጠጥ ትርፍ ያመጣል፤ የስዊስ ሰውም ወይን አይጠላም። አሥሩም የክልል ማኅበራት "አይሸጥም" ብለው ወሰኑ። መሥራቹ ከሞተ ስልሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። የመደብር እሴት ተብሎ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ነገር ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ሠራተኛ የጻፈው ነው፤ ይህኛው ግን በድምፅ የተሰጠ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት።

የሲዳማ ሕዝብ ሱቅ የሚባል ነገር ሳይኖር በፊት በአራት ቀን ሳምንት፣ በዲኮ፣ በዴላ፣ በቀዋዶና በቀዋላንካ ገበያውን እያፈራረቀ ሲገበያይ ኖሯል። በር ያለው፣ ባንኮኒ ያለው ሱቅ በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው አብዛኛውን ጊዜ በእንግዶች እጅ ነበር። በምኒልክ ዘመን የሕንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ታላቅ የንግድ ቤት ነበረው፤ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገር እስኪያስወጡት ድረስ። አራዳ ላይ ያቆመው ሕንፃ በስሙ ሲጠራ ኖሯል። በትንንሾቹ ከተሞች ደግሞ ስኳር፣ ጨውና ላምባ የሚሸጠው የየመን ሰው ነበር፤ "አረብ ቤት ሂድና ስኳር ግዛ" ተብሎ ያልተላከ የዚያ ዘመን ልጅ አይገኝም። ቀጥሎ የጉራጌ ነጋዴ ታታሪነት መጣ። ከሱቅ በደረቴ ተነስቶ ባለሕንፃ የሆነው ሰው ታሪክ ራሱን የቻለ ዲስኩር ስለሚወጣው እዚህ ላይ ይለፍ።

ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት፤ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ኮረዳ ብትሆን ነው። ያ አዋጅ በቤት ጉዳይ ቢታወቅም ሌላ ልጅ ወልዷል፦ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ። ቀበሌም ሱቅ ወለደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየከተማው፣ በየቀበሌው አንድ ሱቅ ተከፈተ። ዕቃውን የሚያቀርበው የመንግሥት የአገር ውስጥ ማከፋፈያ ድርጅት ነበር፤ እህሉን ደግሞ ከገበሬው በኮታና በተቆረጠ ዋጋ የሚሰበስበው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት። በዚህ ሁኔታ ማንም ሱፐርማርኬት ያላለመው ሰንሰለት በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ ሳይሞላ ተዘረጋ።

ያን ዘመን የኖረ ሰው ዝርዝሩን አይረሳም። በራሽን ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ይጻፋል፤ በቁጥሩ ልክ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ዘይት፣ ክብሪት፣ ሲገኝ ደግሞ ጤፍ ይታደላል። "ስኳር ገባ!" የሚለው ወሬ ከቤት ቤት በእሳት ፍጥነት ይዛመታል። ሰልፉ ረዥም፣ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ እናቶች በየቦታቸው ድንጋይ ወይም ዘንቢል አሰልፈው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ተራ ይጠብቃል። ልጆች የአንዱን ድንጋይ ወደ ፊት፣ የሌላውን ወደ ኋላ እያደረጉ የሚያስነሱት ጠብ የሰልፉ መዝናኛ ነበር።

ስለ ቀበሌ ሱቅ ሲነገር ወይ ማሞገስ ወይ ማዋረድ ይቀናናል። ፍርዱ ግን ሁለቱንም መያዝ አለበት። ደሃዋ እናት ስኳርን ሀብታሙ በገዛበት ዋጋ ገዝታለች፤ ይህ በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የታየ ነገር አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ሱቁ ያለበት ግቢ መታወቂያ የሚሰጥበት፣ የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስም የሚወጣበት ግቢ ነው። ለሚዛኑ ጉድለት "ቀይሩልኝ" ለማለት የሚደፍር ሸማች ከየት ይመጣል? ዕቃው በፊት ለፊት በር ለሰልፈኛው፣ በጓሮ በር ለወዳጅ ይወጣል ተብሎ ይታማ ነበር። ሮችዴል ላይ ዱቤ ያደረገውን፣ እዚህ ፍርሃት አደረገው።

ትልቁ ልዩነት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የተፈጠረ ነው። የሮችዴሉ ሸማኔ ሱቁን መሠረተ። የቀበሌው ነዋሪ ግን ተመዘገበ። ሱቁ ከላይ ወርዶለት፣ ዕቃው ከላይ ተመድቦለት፣ ዋጋው ከላይ ተቆርጦለት ካርድ ብቻ ተሰጠው። "የሕዝብ ሱቅ" ተባለ እንጂ ሕዝቡ የመጀመሪያዋን አሥር ሳንቲም አላዋጣበትም። ባላዋጣበት ነገር ደግሞ ማን ሒሳብ ይጠይቃል?

በዚያው ዘመን ሌላ ሰንሰለትም ነበር፤ ያኛውን ብዙ ሰው ዛሬም ይናፍቀዋል። ኢትፍሩት ከመንግሥት እርሻዎች በተለይም ከላይኛው አዋሽ የሚመጣውን ብርቱካን፣ አትክልቱንም ጭምር በራሱ ሱቆች ይሸጥ ነበር። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ኢትፍሩትን፣ የእህል ንግድንና በአጭር ስሙ ጅንአድ የሚባለውን የጅምላ ንግድና አስመጪ ድርጅት በአንድ ላይ አጣምሮ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን አድርጓቸዋል። ስሙ ረዘመ፤ ብርቱካኑ ግን እንደ ድሮው በየመንደሩ አልታየም።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ቀጥሎም መንግሥት ሲለወጥ የራሽኑ ካርድ ቀረ። ነጋዴው እንደ ልቡ አስመጣ፣ ሰዉም እንደ ልቡ ገዛ። ከቀበሌ ሱቆች ብዙዎቹ ባዶ መደርደሪያ ታቅፈው ቀሩ። ያዘነላቸው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሕግ ግን ከበፊቶቹ ሁሉ የተሻለ ነበር። በንጉሡ ዘመን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ አዋጅ በቂ ሥር ሳይሰድ አብዮቱ ደርሶበታል፤ የደርጉ የ1970 ዓ.ም. አዋጅ ኅብረት ሥራን የሶሻሊዝም መሣሪያ አድርጎታል። አዋጅ ቁጥር 147/1991 በአንጻሩ የሮችዴልን ደንብ ወደ አማርኛ እንደመለሰው ያህል ነው፦ አባልነት በፈቃድ ነው፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ማንም አባል ከጠቅላላው ዕጣ ከአሥር በመቶ በላይ አይዝም፤ ከትርፉ ለመጠባበቂያ ተቀንሶ የቀረው ለአባላት ይከፋፈላል። በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 985 ተተካ፤ መሠረቱ ግን አልተናወጠም። በወረቀት ላይ የኢትዮጵያ ሸማች ከእንግሊዙ ሸማኔ የሚያንስበት ነገር የለም።

ችግሩ ሕጉ ከወጣ በኋላ በአሥረኛው ዓመት ገደማ መጣ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት ስንዴ ከውጭ እያስመጣ በርካሽ ማከፋፈል ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. በስጋ፣ በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጣ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ እየጠፋ ሲያስቸግር ከወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሳ። ስኳርና የምግብ ዘይት ግን በመንግሥት ምደባ ሥር ቆዩ። ማን ያከፋፍላቸው? በየሰፈሩ ተዘጋጅቶ የተገኘው የሸማቾች ማኅበር ነበር። እንደዚህ ሆኖ አዲሱ ሱቅ የአሮጌውን ካፖርት ለበሰ። ሰልፉ ተመለሰ፤ "ስኳር ገባ!" የሚለውም ጥሪ ተመለሰ፤ ድንጋዩ ብቻ ቀረ።

ይህ የሸማቾችን ማኅበር ጠቀመው ወይስ ጎዳው? አቅራቢው ጎድቶታል ባይ ነው። የተመደበ ስኳር የሚሸጥ ሱቅ ገበያ መፈለግ፣ ዋጋ መደራደር፣ ዕቃ መምረጥ አይለማመድም፤ ኮታውን ተቀብሎ በኪሎ አድሎ ይዘጋል። አባሉም ሱቁን የሚያውቀው በስኳር ቀን ብቻ ይሆናል፤ በሌላው ቀን ሽንኩርቱን ከጉሊት፣ ፓስታውን ከሰፈር ሱቅ ይገዛል። ማኅበሩ ራሱ ገዝቶ ያመጣው ምስር ወይም ሳሙና ሳይሸጥ ይከርማል። ዓመቱ ሲዘጋ ትርፉ ትንሽ ይሆናል፤ ትርፉ ትንሽ ሲሆን አባል ለስብሰባ አይመጣም፤ አባል ሳይመጣ ሲቀር የሥራ አመራር ኮሚቴው እርስ በርሱ ይመራረጣል፤ ቁጥጥር ኮሚቴውም የሥራ አመራሩ የቡና ጓደኛ ይሆናል። ሒሳቡ ሳይመረመር ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ሌባ ባይኖር እንኳ ሌባ የተፈለገ ይመስላል።

ይሁንና የሸማቾች ማኅበር ዋጋ የሚታወቀው ገበያው ሲያብድ ነው። በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ሲሰወር ደመወዝተኛው የሚሮጠው ወደዚያ ነው። በቅርብ ዓመታት በየከተማው የተለመደው የእሁድ ገበያም አምራቹንና ሸማቹን ፊት ለፊት በማገናኘት ዋጋ ማርከሱን ያየ ይመሰክራል። የሸማቾች ማኅበር ደግሞ የእሁድ ገበያው የሰባት ቀን ወንድም መሆን የሚችል ተቋም ነው። እዚሁ ሲዳማ ውስጥ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች አሉ። የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሞ ቡናውን ያለ ደላላ ባሕር ማዶ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ሲዳማ ኤልቶ የተባለው ዩኒየንም የገበሬውን በቆሎ ሰብስቦ ለትልልቅ ገዢዎች አቅርቧል። ከአለታ ወንዶ ተነስቶ አውሮፓ የሚደርስ ቡና፣ መናኸሪያ ላለ የሸማቾች ሱቅ የሚርቅበት ምን ምክንያት አለ? ሁለቱም ኅብረት ሥራ ናቸው፤ አንዱ የሻጭ፣ ሌላው የገዢ። እስካሁን በስም ይተዋወቃሉ እንጂ እንደ ጎረቤት አልተገበያዩም።

አሁን ስለ ሐዋሳ ሸማኔዎች።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከሲዳማና ከአጎራባች ዞኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሸሚዝና ሱሪ ለመስፋት ወደዚህች ከተማ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የፓርኩ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ በፈረቃ ይተኛሉ። የሚገዙት ቆጮ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሳሙና ነው፤ የሚገዙትም በትንሽ በትንሹ ነው፤ በትንሹ የሚገዛ ደግሞ ሁልጊዜ በውድ ይገዛል። ዘይት በሊትር የሚገዛ ሰው የሚከፍለውንና በስኒ የሚገዛ የሚከፍለውን ማነጻጸር የፈለገ ወደ ማንኛውም የሰፈር ሱቅ ሄዶ ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያ አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ከቀረጥ ነፃ የመሸጫ ዕድል ስትዘጋ፣ ከዚያም ትንሽ ቀደም ብሎ ትልቁ ገዢ ኩባንያ ሲወጣ፣ ድንጋጤው መጀመሪያ የተሰማው በዱቤ ደብተሮቹ ላይ ነው።

የሮችዴል ሰዎችና የሐዋሳ ልጆች ሥራቸው አንድ ነው፤ ክርና ጨርቅ። አንድ ሌላ ነገርም ያመሳስላቸዋል። እነዚያ ሃያ ስምንቱ ሱቃቸውን የከፈቱት በየሳምንቱ ሳንቲም ሳንቲም አዋጥተው ነው። የሐዋሳ ልጆችም እቁብ ያውቃሉ። ሰኞ ሰኞ የሚጣል፣ ዳኛ ያለው፣ ጸሐፊ ያለው፣ የቀረ የሚቀጣበት እቁብ። ዕጣ ሲወጣ ስልክ ወይም ጫማ ይገዛበታል፤ ይህም ነውር አይደለም። ሃያ ስምንት ሴቶች አንድ ዙር እቁባቸውን ዘይትና ሽሮ በጅምላ ለመግዛት ቢያውሉት ግን ሳያውቁት ሮችዴልን ደገሙት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን ይነሳል? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለዘመናት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት የሚከፍት መመሪያ አውጥቷል። ትልልቆቹ ሰንሰለቶች ጊዜያቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም የሐይቅ ዳርና የሰፊ መንገድ ከተማ የሆነችው ሐዋሳ ሳትታሰብ አትቀርም። መምጣታቸው በራሱ አስፈሪ አይደለም፤ ንጹሕ ዕቃና ትክክለኛ ሚዛን ይዘው ከመጡ ጀሶ የሚቀላቅለውን ያስደነግጡ ይሆናል። የገበሬው ቲማቲም እንዳይበሰብስ ማቀዝቀዣ መኪናም ይዘው ይመጡ ይሆናል። ነገር ግን የእነርሱ ትርፍ ወደ ባለአክሲዮኖቻቸው ይሄዳል፤ ይህም የተፈጥሯቸው ነው፤ ሊወቀሱበት አይገባም። ትርፉ ወደ ሸማቹ የሚመለስበት ሱቅ በሕግ የቆመ፣ ቤት ያለው፣ ማኅተም ያለው ሆኖ በየክፍለ ከተማው ተቀምጧል። የሌለው ባለቤቱ ነው።

ስለዚህ የመናኸሪያ ሰዎች፣ አቅራቢው አንድ ልመና አለው። አብዛኞቻችሁ የሸማቾች አባል ናችሁ፤ ከዓመታት በፊት ዕጣ ገዝታችሁ የተሰጣችሁ ደረሰኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ከአሮጌ የትምህርት ማስረጃ ጋር ታጥፎ ተቀምጧል። ፈልጋችሁ አውጡት። የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ይዛችሁ ግቡና፣ ያለፈው ዓመት ሒሳብ በማን እንደተመረመረና ከትርፉ ለእያንዳንዳችሁ ስንት እንደሚደርስ ጠይቁ። መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተቀበሉ። ስኳር ባይመጣም ኑ።